የእትዬ ታደለች አሻንጉሊቶች

እትዬ ታደለች መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከአራት ቀን በኋላ ነው። የነገረችኝ የሆስፒታላችን የልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠራተኛ ናት። ከሥራ ወጥቼ በር ላይ ባጃጅ ስጠብቅ አገኘችኝና፣ «ለቅሶው ላይ አላየሁሽም» አለችኝ። የማን ለቅሶ እንደሆነ ስጠይቃት ደነገጠች። አለማወቄን ማመን አቃታት። እውነቷን ነው። የእትዬ ታደለች ቤት ታቦር ሰፈር ነው፤ ከእኔ ቤት በእግር ሃያ ደቂቃ አይሞላም። ለዘጠኝ ዓመት ሰው «ልጃቸው ናት እንዴ?» እስኪል ድረስ ከቤታቸው አልጠፋም ነበር። በመጨረሻዎቹ አምስት ወራት ግን አንድም ቀን ደጃቸውን አልረገጥኩም።

ባጃጁ መጣ፤ አልተሳፈርኩም። በእግሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የማስበው መሞታቸውን አልነበረም። የማስበው ለምን እንደጠፋሁ ሰው ቢጠይቀኝ ምን እንደምመልስ ነበር።

ሀዋሳ የመጣሁት በነርስነት እንደተመረቅሁ፣ በመጀመሪያ ምደባዬ ነው። ያደግሁት ወሊሶ ነው። እዚህ ዘመድ አልነበረኝም፤ የአገሩን ቋንቋ ሲዳሙ አፎም አልችልም ነበር። የተመደብኩት የሕፃናት ክፍል ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ጉሉኮስ ልሰካላት ስል እጄን ነከሰችኝ። እናቷ ይዛት ታለቅሳለች፣ ልጅቷ ትጮኻለች፣ ሌሎቹም ልጆች እሷን እያዩ ማልቀስ ጀመሩ። በዚህ መሀል ረጅም፣ ቀጭን፣ ሰማያዊ ጋውን የለበሱ ሴት የተጣፈ አንሶላ ተሸክመው ገቡ። አንገታቸው ላይ መቀስ በክር ተንጠልጥሏል። አንሶላውን ባዶ አልጋ ላይ አስቀመጡና ከጋውናቸው ኪስ አንዲት የጨርቅ አሻንጉሊት አወጡ።

«ሲስተር፣ መጀመሪያ ይህችን ውጊልኝ» አሉኝ።

«ሌሎች ልጆች እየጠበቁኝ ነው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ይህችም እየጠበቀች ነው።»

ተናድጄ ነበር፤ ግን ሌላ መላ ስላልነበረኝ እሺ አልኩ። የአሻንጉሊቷን ክንድ በላስቲክ አሰርኩ፣ በአልኮል ጠረግኩ፣ መርፌውን ጨርቁ ውስጥ አስገብቼ በፕላስተር ለጠፍኩ። ልጅቷ ዝም ብላ እያየችኝ ነው። ስጨርስ በሲዳሙ አፎ የሆነ ነገር ጠየቀች።

«‹ለምን አላለቀሰችም?› ነው የምትለው» አሉኝ ሴትዮዋ። ለልጅቷም መለሱላት፤ ከዚያ ለእኔ ተረጎሙልኝ። «አልቅሳለች፤ አንቺ ስለጮኽሽ ነው ያልሰማሻት፣ አልኳት።»

ልጅቷ ትንሽ አሰበችና እጇን ሰጠችኝ።

እትዬ ታደለች የሆስፒታሉ ስፌት ክፍል ሠራተኛ ነበሩ። የተቀደደ አንሶላ ይጥፋሉ፣ የቀዶ ሕክምና ጋውን ይሰፋሉ፣ መጋረጃ ይዘመዝማሉ። አሻንጉሊቶቹን የሚሠሩት በምሳ ሰዓትና ቤታቸው ነው። ጨርቁን ገበያ ካሉ ልብስ ሰፊዎች ቁርጥራጭ ይለቅማሉ፤ በፈላ ውኃ አጥበው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ሲደርቅ ጉንጫቸው ላይ አድርገው ይሞክሩታል። ከሻከራቸው ለሌላ ነገር ይሆናል እንጂ ለአሻንጉሊት አይሆንም። ለዓይን ቁልፍ አይጠቀሙም፤ ልጅ ነቅሎ ይውጠዋል ብለው በክር ይጠልፉታል። ክር የሚቆርጡት በጥርሳቸው ነው። መቀሱ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ እያለ ለምን በጥርስ እንደሚቆርጡ ስጠይቃቸው፣ «መቀሱን ለሆስፒታሉ ሥራ ነው የተረከብኩት» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

አሻንጉሊት ለልጅ ከመስጠታቸው በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ። «የት ነው የምታስተኛት?» ነው ጥያቄው። መልሱን ሲሰሙ ልጁ የሚኖርበትን ቤት ያዩታል። አንዱ «ከፍየሎቹ ጋር» ይላል፤ ያ ልጅ የሚተኛው የት እንደሆነ እትዬ ታደለች ገብቷቸዋል። አንዷ «እኛ አምስት ነን፤ መሀል ላይ» ትላለች። አንዴ አንድ ልጅ ብዙ አሰበና፣ «እኔ የምተኛበትን አላውቀውም፤ አክስቴ ነች የምትናገረው» አለ። በዚያ ቀን እትዬ ታደለች አክስትየውን በር ላይ አቁመው ለረጅም ጊዜ ሲያናግሯት አየሁ። ምን እንዳሏት አልነገሩኝም።

ለጎብኚ አይሰጡም፤ ለሠራተኛ ልጅም አይሰጡም። አንድ ጊዜ ከአለቆቻችን የአንዱ ባለቤት ወደ ስፌት ክፍሉ መጥታ ለሳሎኗ ጌጥ የሚሆኑ ሁለት አሻንጉሊቶች እንዲሠሩላት ጠየቀቻቸው። ቀና ብለው ሳያዩአት፣ «እኔ ለሶፋ አልሰፋም» አሏት። ወሬው ሆስፒታሉን አዳረሰ። በዚያ ዓመት የእሳቸው የደረጃ ዕድገት ቀረ። ስለ ዕድገቱ ሲያነሱ ግን አንድም ቀን አልሰማሁም።

ልጅ ሲሞት ብዙ ጊዜ የምነግራቸው እኔ ነበርኩ። ይሰሙኛል፤ የያዙትን ጨርቅ አጥፈው ጎናቸው ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ ሁለት እጆቻቸውን ከጭናቸው ሥር አድርገው ይቀመጣሉ። እንዲህ ሆነው ግማሽ ሰዓት ሊቆዩ ይችላሉ። አይጸልዩም፣ አያለቅሱም። ቤተ ክርስቲያናቸውን የሚወዱ፣ ዘማሪ የነበሩ ሴት ናቸው፤ እዚያ ወንበር ላይ ግን ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ ተናግረው አያውቁም።

ይህን ሥራ እንዴት እንደጀመሩት የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ተጥፈው ተጥፈው ያለቁ አሮጌ አንሶላዎች አስከሬን መጠቅለያ ይሆናሉ። ለትልቅ ሰው አንድ ሙሉ አንሶላ ይሄዳል። ለሕፃን ሲሆን ግን ይተርፋል።

«የሚተርፈውን መወልወያ አድርጊው ይሉኝ ነበር» አሉኝ። «ብዙ ዓመት መወልወያ አደረግሁት። አንድ ቀን ለአንዲት ሕፃን ቆርጬ ስጨርስ ትራፊው እጄ ላይ ቀረ፤ ወለል ላይ መጣል አልቻልኩም። ተቀምጬ ጠቅልዬ ጭንቅላት አደረግሁት።» ቀጥለውም፣ «ይህን ለእናቶች እንዳትነግሪ» አሉኝ። አልተናገርኩም። አሁን የምጽፈው እሳቸው ስለሌሉ ነው።

መጀመሪያ ቤታቸው የሄድኩ ቀን አንድ ግድግዳ ሙሉ አሻንጉሊት አየሁ። የእሳቸው ሥራ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። ሕፃናት ክፍል ልጅ የሚያስታምሙ እናቶች ለሳምንታት እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። እትዬ ታደለች አጠገባቸው ቁጭ ይሉና፣ «አንቺ ልጅ ሆነሽ በምን ትጫወቺ ነበር?» ይሏቸዋል። «ሥሪልኝና ላሳይሽ፤ እኔም ለልጅሽ እሠራላታለሁ።» እናቶቹ መጀመሪያ ያፍራሉ። ቆይተው ግን እጃቸው ራሱ ያስታውሳል። አንዷ የበቆሎ ቆረቆንዳ በጨርቅ ጠቅልላ ትሠራለች፤ አንዷ የእንሰት ቃጫ ጎንጉና ፀጉር ታወጣለች፤ ሌላዋ ከሻሿ ጫፍ ቀድዳ ቀሚስ ታለብሳለች። ግድግዳው ላይ ያሉት እነዚያ ነበሩ። እያንዳንዷ ጀርባ ላይ የፕላስተር ቁራጭ ተለጥፎ የሠራችው እናትና የልጇ ስም ተጽፏል። ከነዚያ ልጆች ውስጥ የዳኑ አሉ፤ ያልዳኑም አሉ። እትዬ ታደለች አይለዩዋቸውም፤ አንድ ላይ ነው የሚደረድሯቸው። ወደ ሰማንያ ይጠጉ ነበር።

ከሰጧቸው ሁሉ ግን የርብቃ አሻንጉሊት አትረሳኝም። ርብቃ ኩላሊቷን የምትታመም የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። ሁለት ጊዜ ተኝታ ድና ወጣች፤ ሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ አልወጣችም። አባቷ ላንቃሞ ይባላል፤ ከገጠር የመጣ ገበሬ ነው። ልጁ ስትሞት አሻንጉሊቷን ከልብሷ ጋር ጠቅልሎ ይዟት ሄደ። ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ስፌት ክፍሉ በር ላይ ቆሞ አገኘነው። አሻንጉሊቷን በጋዜጣ ጠቅልሎ በብብቱ ይዟታል።

«ቤት ውስጥ ስታያት እናቷ ትታመማለች» አለ። «ልጥላት ወንዝ ድረስ ሄጄ ነበር። አልቻልኩም።»

እትዬ ታደለች ተቀበሉትና፣ «እኔ ጋ ላስቀምጣት ወይስ ልጅ ይጫወትባት?» አሉት።

«ልጅ ይጫወትባት። ግን የማትታመም ልጅ።»

«የማትታመም ልጅ እኔ አላውቅም» አሉት። «የምትንከባከባት ልጅ ግን እፈልግላታለሁ።»

አራት ወር ፈለጉ። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ የምታጸዳ አንዲት እናት ምሕረት የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ ነበረቻት። ልጅቷ ክንዷ ተሰብሮ መጥታ ነበር። እትዬ ታደለች ጥያቄያቸውን ሲጠይቋት፣ «እናቴ ጋ ነው የማስተኛት፤ እሷ ሲመሽ ስለምታለቅስ» አለቻቸው። የርብቃን አሻንጉሊት ለእሷ ሰጧት።

ላንቃሞ ይህን ሲሰማ በዓይኔ ልያት አለ። ለፍቼ፣ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ከዘመዶቹ ጋር ወደ በዓሉ ሜዳ ወደ ጉዱማሌ ስለሚመጣ እዚያ ተቀጣጠርን። የምሕረት እናት ልጇን ይዛ መጣች። ሕዝቡ «አይዴ ጫምባላላ» እያለ መልካም በዓል እየተመኛኘ ይሞላል፤ ወንዶቹ በቡድን እየዘፈኑ ያልፋሉ። ምሕረት አሻንጉሊቷን በሻሽ አዝላ ከልጆች ጋር ትሯሯጣለች። ላንቃሞ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቆ ዛፍ ሥር ቆመ።

«ልጥራልህ?» አሉት እትዬ ታደለች።

«አይ። ከዚህ ይበቃኛል።»

ልጅቷ ሕዝቡ ውስጥ ገብታ እስክትጠፋ ድረስ አያት። ከዚያ፣ «ቀሚሷን ቀይራላታለች» አለ። ተሰናበተንና ወደ ዘመዶቹ ተመለሰ። እነሱ እየዘፈኑ ነበር፤ እሱም መሀላቸው ገብቶ እጁን አነሳ፤ አፉ ግን አይንቀሳቀስም።

እትዬ ታደለች ሣሩ ላይ ተቀመጡ፤ እጃቸውን ከጭናቸው ሥር አደረጉ። «ሲስተር፣ ይህ ሥራ ደስ የሚለው ለሚያየው ሰው ነው» አሉኝ።

ጡረታ ሲወጡ ስኳር በሽታ ይዟቸው ነበር። መድኃኒታቸውን በወጉ ይወስዳሉ፤ ሆኖም ዓይናቸው ደከመ። መጀመሪያ ክር ማስገባት አቃታቸው፤ ከዚያ የሰው ፊት ጠፋባቸው፤ በመጨረሻ ብርሃንና ጥላ ብቻ ቀረላቸው። በዚያው ሰሞን አከራያቸው ቤቱን ለሚያገባው ልጃቸው ፈለጉት። ሰውየው ጨዋ ነበሩ፤ ሦስት ወር ጊዜ ሰጧቸው። እትዬ ታደለች ባል ሞቶባቸው የቀሩ፣ ልጅ ያልወለዱ ሰው ናቸው። ያሳደጓት የእህታቸው ልጅ ሕይወት፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ እዚያው ታቦር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ከእሷ ጋር ሊኖሩ ገቡ። ክፍሉ ሁለት አልጋና አንድ ጠረጴዛ ነው የሚይዘው። ለግድግዳው አሻንጉሊቶች ቦታ የለም።

ቤተ ክርስቲያናቸው ለልጆች አገልግሎት ሊወስዳቸው ጠይቆ ነበር። እትዬ ታደለች እንቢ አሉ። «እኔ የምሠራቸው መጫወቻ ናቸው፤ ይሰጣሉ» አሉ። «እነዚህ ግን የእናቶች እጅ ናቸው። አንድ ላይ ከነስማቸው የሚቀመጡበት ቤት ነው የሚያስፈልጋቸው።»

ያኔ ነው እኔ የተናገርኩት። ሆስፒታሉ ለሕፃናት ክፍል የመጫወቻ ክፍል ሊያዘጋጅ አስቦ ነበር፤ መደርደሪያ ይሠራላቸዋል፤ እስከዚያ መጋዘን ይቀመጣሉ አልኳቸው። አለቃዬንም አስፈቀድኩ። እትዬ ታደለች እያንዳንዷን በእጃቸው እየዳሰሱ፣ ስሟን እየጠሩ አስረከቡኝ። ሁለት ማዳበሪያ ከረጢት ሞሉ።

«ፕላስተሩ ይለቃል» አሉኝ። «ስማቸውን ደብተር ላይ ጻፊልኝ።»

«ነገ እጽፈዋለሁ» አልኳቸው።

ነገ አልኩ፤ ሳምንት አልኩ። ሁለት ወር ሊሞላ ሲል እናቴ ታማ ወሊሶ ሄድኩ። ዐሥር ቀን ቆየሁ። ስመለስ መጋዘኑ ባዶ ሆኖ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። እንግዳ ይመጣል ተብሎ የጽዳት ዘመቻ ተደርጎ ነበር። የጽዳት ሠራተኛዋን ስጠይቃት፣ «ሁለት ከረጢት ቡትቶ ነበር፤ ከአሮጌው ፍራሽ ጋር ተቃጥሏል» አለችኝ። ከግቢው ጀርባ ማቃጠያው ጋ ሄጄ አመዱን በእንጨት ቆፈርኩት። ያገኘሁት የፍራሽ ሽቦ ብቻ ነው።

ማንንም አልወቅስም። ከረጢቶቹ ላይ ምንም አልጻፍኩም። ደብተር ላይም አንድ ስም አልጻፍኩም። መጋዘኑን የሚያጸዳ ሰው የሰማንያ እናቶች ሥራ መሆኑን በምን ያውቃል?

ልነግራቸው ብዬ ነው የሄድኩት። እግዚአብሔር ያውቃል፣ መንገድ ላይ የምናገረውን እያሰላሰልኩ ነበር። እትዬ ታደለች አልጋቸው ላይ ፊታቸውን ወደ በሩ አድርገው ተቀምጠዋል። የእናቴን ጤና ጠየቁኝ። ቀጥለው፣ «ልጆቹስ፣ ደህና ናቸው?» አሉኝ።

«ደህና ናቸው» አልኩ።

ይህችን ቃል ካወጣኋት በኋላ መመለሻ አላገኘሁም። «ስማቸውን ጽፈሻል?» አሉኝ፤ ጽፌያለሁ አልኩ። «እስቲ ቅዳሜ ደብተሩን አምጪና አንብቢልኝ» አሉኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሥልጠና ማስታወሻ የጻፍኩበትን ደብተር ይዤ ሄድኩ። ከፈትኩትና የማስታውሰውን ማንበብ ጀመርኩ። ወረቀት ሲገለጥ እንዲሰሙ ገጹን አገላብጣለሁ። «ከቆረቆንዳ የተሠራች፣ የአልማዝ እናት። ፀጉሯ ቃጫ የሆነች፣ የታሪኩ እናት።» እትዬ ታደለች ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙኛል። አንዳንዴ ያርሙኛል፦ «አይደለም፤ የታሪኩ እናትማ ቀይ ሻሽ ነው ያለበሰችው።» እኔም፣ «አዎ፣ ቀይ ነው የሚለው» እላለሁ።

ይህ ሰባት ወር ቆየ። በየቅዳሜው ሄጄ አነባለሁ። ከሰማንያው የማስታውሰው ወደ ሠላሳ የሚሆኑትን ነው። እነዚያ ሲያልቁብኝ ፈጠርኩ። ሰማያዊ ኮት የለበሰች አሻንጉሊት፣ የጽዮን እናት የሠራቻት አልኩ። ባርኔጣ ያደረገ ወንድ፣ ልብስ ሰፊ የሆነ አባት የሠራው አልኩ። ልጅ ያዘለች ሴት አልኩ። እንዲህ ስል እትዬ ታደለች ይጠይቁኛል።

«ኮቷ ኪስ አለው?»

«አለው። ሁለት።»

«ያዘለቻት ልጅ በየት በኩል ነው የምታየው? በቀኝ ወይስ በግራ?»

«በግራ።»

በርጅና የረሱ መሰለኝ። ውሸቴ ሳይነቃብኝ በመቅረቱ በየቅዳሜው እፎይ እል ነበር። ከቤታቸው ወጥቼ የታቦርን ቁልቁለት ስወርድ ግን ብዙ ጊዜ መንገድ ዳር ተቀምጫለሁ።

አንድ ቅዳሜ አንብቤ ስጨርስ፣ «ሲስተር፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ» አሉኝ። «የቆረቆንዳዋን አምጪልኝ። አንድ ጊዜ ልዳስሳትና መልሰሽ ትወስጃታለሽ።»

«በሚቀጥለው ቅዳሜ አመጣታለሁ» አልኩ። ቅዳሜው መጣ፤ አልሄድኩም። ቆረቆንዳ ፈልጌ፣ ጨርቅ ጠቅልዬ ለመሥራት ሞከርኩ። የእኔ እጅ ሥራ መሆኑን ገና ሲነኩት ያውቁታል። ጣልኩት። ሦስት ጊዜ ደወሉልኝ። ስልኩ ላይ ስማቸውን እያየሁ ጠርቶ እስኪያበቃ ጠበቅሁ። ከዚያ በኋላ አልደወሉም። እኔም አምስት ወር ቆየሁ።

መሞታቸውን በሰማሁ ማግስት ወደ ሕይወት ክፍል ሄድኩ። ድንኳኑ ፈርሷል፤ የዕድር አግዳሚ ወንበሮች በር ላይ ተደራርበዋል። ሕይወት ብቻዋን ነበረች። ተሳሳምን። እኔ አለቀስኩ፤ እሷ ግን ለአራት ቀን አልቅሳ ስለጨረሰች ወይም ለእኔ ማልቀስ ስላልፈለገች፣ አላለቀሰችም። ሻይ ቀዳችልኝ። ብርጭቆውን ሳልነካው፣ «አሻንጉሊቶቹ ተቃጥለዋል» አልኳት። ቃሉን ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

«አውቃለሁ» አለች። «እሷም ታውቅ ነበር።»

ቀና ብዬ አየኋት።

«አንቺ ከወሊሶ ሳትመለሺ የልብስ ማጠቢያ ሠራተኞቹ ሊጠይቋት መጥተው ነገሯት። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። ከዚያ አንቺ መጣሽና ‹ደህና ናቸው› አልሻት።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«እኔም ጠይቄያታለሁ። ‹ማወቄን ካወቀች አትመጣም› አለችኝ።»

ሻዩ ፊቴ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ፣ የቆረቆንዳዋን አምጪ ያሉኝ ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት።

«እንድትነግሪያት ነዋ» አለች ሕይወት። «‹ስታነብ ድምጿ ይንቀጠቀጣል፤ ልጅቷ ደክሟታል፤ በር ልክፈትላት› አለች። ተሳሳተች። በር ስትከፍትልሽ ወጥተሽ ሄድሽ።»

ሕይወት ጎንበስ ብላ ከአልጋው ሥር አንድ ፌስታል ሳበች። ውስጡ ሦስት አሻንጉሊቶች ነበሩ። አንዷ ሰማያዊ ኮት ለብሳለች፤ ኮቱ ሁለት ኪስ አለው። አንደኛው ባርኔጣ ያደረገ ወንድ ነው። ሦስተኛዋ ልጅ አዝላለች፤ ልጅቷ ወደ ግራ ታያለች። ስፌታቸው ጠማማ ነው። የባርኔጣው አሻንጉሊት አንድ እጁ ከሌላው ይረዝማል። አንዳንዱ ጨርቅ ላይ መርፌ የወጋው ጣት ደም ደርቆ ቀርቷል።

«ሥራ ከመሄዴ በፊት ዐሥር መርፌ ላይ ክር አስገብቼላት እሄድ ነበር» አለች ሕይወት። «ስመለስ ዐሥሩም ባዶ ናቸው። የማን ናቸው ስላት፣ ‹ሲስተር ያመጣቻቸው ናቸው፤ ስም አላቸው፣ ገላ ግን የላቸውም› አለችኝ።»

የሰማያዊ ኮቷን አንስቼ ያዝኳት። ጨርቁን እንደ እሳቸው ጉንጬ ላይ ማድረግ ፈለግሁ፤ ሕይወት እያየችኝ ስለነበር ተውኩት።

«ለማን ይሰጡ አሉ?» አልኩ።

«አላለችም። አንቺን ልትጠይቅሽ ነበር።» ሕይወት የቀዘቀዘውን ሻይ ከፊቴ አነሳች። «አምስት ወር ሙሉ በሩ በተንኳኳ ቁጥር የምትሰፋውን ብርድ ልብሱ ሥር ትደብቀው ነበር። ጨርሳ ነው ልታሳይሽ የፈለገችው። እኔ ነኝ ስላት መልሳ ታወጣውና መስፋቷን ትቀጥላለች።»